የሺማኩራ ዘጠኝ ደቂቃ

በሺማኩራ መቅናት የጀመርኩበትን ቀን ዛሬም አልረሳውም። ትኩሳት ይዞኝ አምስተኛ ቀኔ ነበር። እናቴ ቤት ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ሲያልበኝ፣ እሱ ጉልበት የሚደርስ በረዶ እየሰነጠቀ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ከደረት ኪሱ አንድ ካሴት አውጥቶ ትራሴ አጠገብ ጣል አደረገው።

«ስማውና ንገረኝ» አለ። «ዛሬ ግን አይደለም። መጀመሪያ ዳን።»

እኔ ግን ገና እርምጃው ከደጅ ሳይጠፋ ማዳመጥ ጀመርኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ድምፅ ሲሞት ካሴቱን ቀጭ አድርጌ አጠፋሁት። ትኩሳቱ የለቀቀኝ መሰለኝ፤ ግን በእሱ ቦታ ሌላ ነገር ገብቶ ነበር። ያ ነገር ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖረ።

ያኔ ሁለታችንም የሃያ አራት ዓመት ልጆች ነበርን። ታካኦካ ከተማ ውስጥ ብላክ ሜታል የምንጫወት እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለማያውቀው ሰው፣ ጊታሩ እንደ ተቆጣ የንብ መንጋ የሚጮኽበት፣ ድራሙ ትንፋሽ የማይወስድበት፣ ዘፋኙም ጉሮሮው እስኪደማ የሚያጓራበት ሙዚቃ ነው። እኔ ጊታሩና ጩኸቱ ነበርኩ፤ ሺማኩራ ድራሙ። ስማችን «ዩኪኦኮሺ» ነበር፤ በእኛ አገር ትልቁ በረዶ ሊወርድ ሲል ከባሕሩ በኩል የሚያጓራው ነጎድጓድ ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዜማውን የምሠራው፣ ግጥሙን የምጽፈው፣ የት እንደምንጫወት የምወስነውም እኔ። ሺማኩራ የሚለው ሁሌ አንድ ነገር ነበር፤ «እሺ፣ እንሞክረው።»

የሺማኩራ ቤተሰብ ለአምስት ትውልድ ነሐስ እያቀለጠ የቤተ መቅደስ ደወል ሲሠራ የኖረ ነው። ያን ክረምት በማቅለጫው ጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ በተዋስነው መቅጃ አራት ዘፈኖቼን ቀዳን። እኔ ታምሜ በቀረሁበት ሳምንት አንድ ደወል ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ ደወል ለማንም አይሸጥም፤ ተሰብሮ እንደገና ይቀልጣል። ሺማኩራ አባቱን ለምኖ የአንድ ከሰዓት ጊዜ አገኘ። ደወሉን በመዶሻ አንዴ ይመታና ድምፁ እየተንቀጠቀጠ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚያ ራሱን ደወሉ አፍ ውስጥ ከትቶ ይጮኻል። ዝም ይላል። ደግሞ ይመታል። በስንጥቁ ምክንያት ድምፁ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው የሚያለቅስ ሲመስል ሌላኛው ይስቃል። ካሴቱ ላይ የነበረው ይህ ነው።

ከአራቱ ዘፈኖቼ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ምት ነው።

ከዳንኩ በኋላ «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «የፋብሪካ ጫጫታ ነው፤ ሙዚቃ አይባልም» አልኩት።

«እኔ እኮ ያልኩህ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ፊቴን ትንሽ አየ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሳቀ። «ይሁን። ያው የካሴቱ ክር ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ ባዶ ከሚሆን መሃል ላይ እንክተተው።»

ሦስተኛ ቁራጭ ሆኖ ገባ። የካሴቱን ሽፋን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ኢሱሩጊ ነኝ፤ «ሙዚቃው በሙሉ፦ ኢሱሩጊ። ድራም፦ ሺማኩራ።» መቶ ካሴት አባዛን። ሰባ ያህሉን ለጓደኛም ለማናውቀውም ላክን፤ የቀረው እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኛ። በዓመቱ የሺማኩራ አባት ከመሰላል ወደቀና እግሩ ዳግመኛ አልቆም አለ። ሺማኩራ ድራሙን ሸጦ ማቅለጫውን ተረከበ። ዩኪኦኮሺም በዚያው አበቃ።

እኔ ግን አላቆምኩም። አራት ቡድን መሠረትኩ፣ አራቱም ፈረሱ። አሥራ አንድ አልበም አወጣሁ። ቶያማ ከተማ ውስጥ ምድር ቤት ያለች ጠባብ አዳራሽ አለች፤ እዚያ በየዓመቱ ኅዳር ላይ እጫወታለሁ። በደጉ ቀን አርባ ሰው ይመጣል፤ ከአርባው ስድስቱ ቀጥለው የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። እንጀራዬ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ነው። ከሠልጣኙ ጎን እቀመጣለሁ፣ በእኔ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሊሳሳት ሲል እይዛለሁ። ሚስቴ ሚትሱኤ የትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ ናት። ሙዚቃዬን «ያ ነገርህ» ትለዋለች።

አምና የካቲት ላይ፣ በምሳ እረፍቴ የሩዝ ድብልብሌን እየበላሁ ስልኬን ስከፍት ከቤልጂየም የመጣ ኢሜይል አገኘሁ። ሊስ የምትባል ሴት ናት፤ ጌንት ከተማ ውስጥ የተረሱ ቅጂዎችን በሸክላ እያሳተመች ታወጣለች። «የዩኪኦኮሺን ካሴት ለዓመታት ስፈልግ ኖሬአለሁ» ይላል ደብዳቤው። «በሙሉ ክብር በሸክላ ላወጣው እፈልጋለሁ።»

ተነሥቼ መኪና ማቆሚያውን ሁለቴ ዞርኩት። አንድ ሠልጣኝ «መምህር፣ ደህና ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና መሆን ምን ያደርግልኛል! ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ደብዳቤ ነው።

ከዚያ ተቀምጬ የቀረውን አነበብኩ። «ሦስተኛውን ቁራጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ወንድሜን በቀበርኩ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር አልሰማሁም። በምቶቹ መካከል ያለው ጸጥታ...» እያለ ይቀጥላል። ስለ ጸጥታው አንድ ገጽ። ስለ እኔ አራት ዘፈኖች፣ «ሌሎቹም ለዘመናቸው ጥሩ ናቸው» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር።

ማታ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። ሦስተኛውን ቁራጭ አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ለብቻው ቆርጦ አውጥቶት ኖሯል። መቶ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ከፖላንድ፣ ከቺሊ፣ ከኦሳካ ሳይቀር ሰዎች ጽፈውበታል። የእኔ አሥራ አንድ አልበሞች ተደምረው የዚያን ሩብ አይደርሱም። አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ እያንዳንዱ ምስጋና ጥፍሬ ሥር እንደሚገባ እሾህ ነበር።

ሊስ በሁለተኛው ደብዳቤዋ ጠየቀችኝ። «ሽፋኑ ላይ ሙዚቃው በሙሉ የኢሱሩጊ ነው ይላል። ሦስተኛውን ቁራጭም የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» ብዬ መለስኩ። ለመጻፍ የፈጀብኝ ጊዜ ቢቆጠር ሁለት ሰከንድ ነው።

ቅጣቱ ግን ፈጥኖ መጣ። ያገኘችው ካሴት አርጅቶ ሦስተኛው ቁራጭ መሃል ላይ እየተቆራረጠ ስለሆነ፣ ካሴቶቹ የተባዙበት የመጀመሪያው ክር ያስፈልገኛል አለች። የመጀመሪያው ክር ያለው ሺማኩራ ዘንድ ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሆኖም ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር ከተያየን፤ ያውም በአባቱ ቀብር ላይ።

ሚያዝያ ላይ ሄድኩ። አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፣ አመድ ፊቱን አልብሶት የደወል ቅርጽ ማውጫውን አሸዋ ሲነፋ አገኘሁት። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ክንዱ ላይ የነሐስ ፍንጣሪ ያቃጠለው ጠባሳ እንደ ዝንጉርጉር እባብ ወርዷል።

«ኧረ ማንን አያለሁ! መምህር ኢሱሩጊ! መንጃ ፈቃዴን ልትነጥቀኝ መጣህ?»

«ዝም በል አንተ። ጆሮህ አሁንም አይሰማም?»

«የማይሰማው የግራው ነው። በቀኝ በኩል ዙርና ውሸትህን በዚህ ንገረኝ።»

ቀልዱ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚቀልደው። እኔ ግን ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ።

«ያ ካሴታችን በሸክላ ሊወጣ ነው። ቤልጂየም ውስጥ።»

«የእኛ? ያ ጩኸት?»

«ያ ጩኸት።»

ወንፊቱን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። «ፈረንጅ ጤና የለውም! አባቴ ቢኖር ምን ይል ነበር!» አለና ወደ ውስጥ ገባ። በመሰላል ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ። ክሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ውስጡ ነበር፤ አጠገቡም እርጥበት የሚመጥ ከረጢት፣ ከደረቀ የባሕር ቅጠል እሽግ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት። ከረጢቱ አዲስ ነበር።

«በየዓመቱ እለውጠዋለሁ» አለ፤ እንዳየሁት አይቶ። «በዓመት መለወጫው ጽዳት። ሚስቴ ጣለው ትለኛለች።»

እኔ ድርሻዬን እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ሻጋታ ሲበላው ትቼዋለሁ። በዚህም ቀናሁበት።

«እና ምኑን ወደዱለት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጊታሩን» አልኩት።

ፊቱ በራ። ከልቡ ነው፣ ምንም ነገር አልደበቀም። «ድሮስ! ያኔም ብዬህ ነበር። አንተ እኮ ታውቅበታለህ።»

የጣሳ ቡና ከማሽን ገዝቶ አስይዞኝ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ቡናውን ሳልከፍተው ቤት ድረስ ነዳሁ።

ክሩን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩ። መጨረሻ የተቀዳው እሱ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ቁራጭ ከአራቱ ዘፈኖች በኋላ ደረሰ። ስንት ዘመን ሆኖኛል ከሰማሁት! እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሲያልቅ ማሽኑን ለማጥፋት እጄን ዘረጋሁ፤ ነገር ግን ሚትሱኤ ከወጥ ቤት ስለጠራችኝ ተነሣሁ። ስመለስ ክሩ አሁንም ይዞራል። ከረጅም ዝምታ በኋላ የሰው ድምፅ ወጣ። የሃያ አራት ዓመቱ ሺማኩራ ነበር፣ እያለከለከ።

«ኢሱሩጊ፣ ይኸው ነው እንግዲህ። በምቶቹ መካከል ሆን ብዬ ቦታ ትቼልሃለሁ። ሲሻልህ ጊታርህን አግባበት። አንተ ካልገባህበት ሙሉ አይሆንም... በቃ፣ እጄ ደነዘዘ።»

ከዚያ ክሩ አለቀ።

ያን ቀን ትራሴ አጠገብ የጣለልኝ ካሴት ላይም ይህ ድምፅ ነበረ ማለት ነው፤ ስናባዛ ሺማኩራ ቆርጦት ኖሯል። እኔ ግን የመጨረሻው ምት ሲሞት ቀጭ አድርጌ አጠፋሁት። በቅናት ጣት።

ዓለም የሚያወድሰው ጸጥታ፣ ሊስ ወንድሟን ያለቀሰችበት ጸጥታ፣ የእኔ ቦታ ነበር። ለእኔ የተነጠፈ ምንጣፍ ነበር። ሰው ሲያውቅ ማልቀስ ይገባው ነበር፤ እኔ ግን ምን አደረግሁ? ጊታሬን አነሣሁ።

ሁለት እሑድ ሙሉ ሠራሁ። በእያንዳንዱ ምት መካከል በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የተማርኩትን ሁሉ አገባሁበት። ሲያልቅ ሚትሱኤን ጠርቼ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። መጀመሪያ እንደነበረው፣ ቀጥሎ እኔ የገባሁበትን አሰማኋት። እጇ ላይ ዱቄት ነበር፤ በክንዷ ጆሮዋን ደግፋ ጸጥ ብላ ሰማች።

«የመጀመሪያው ያንተ ነው?» አለች።

«ሁለተኛው ነው የእኔ።»

«እ...» አለችና ማዳመጫውን አወለቀች። «የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ምን ሆኖ ነው? ሰው ሞቶበት ነው?»

«ምንም አልሆነም። ደወል ነው የመታው።»

«ታዲያ አትነካካበት» ብላ ወደ ዱቄቷ ተመለሰች።

እኔ ግን ነክቼ ላክሁት፤ «የተሟላው ቅጂ» ብዬ። ሊስ በማግሥቱ መለሰች፤ በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው። ሦስቴ ሰምታዋለች፣ ታመሰግነኛለች፣ ነገር ግን እባክዎ እንደነበረው ይሁን፤ «ወጣቱ ኢሱሩጊ ዝም ማለትን ያውቅ ነበር» ትላለች። ዝም ማለትን! ሳቅሁ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ሁለት ቀን ጣቴ አብጦ ማርሽ ማስለወጥ አቃተኝ። እንደነበረው ላክሁላት። የሺማኩራን ድምፅ ከመጨረሻው ቆርጬ ጣልኩት።

ሸክላው ጥቅምት ላይ ወጣ። ጥቁር ሽፋን፣ ወፍራም ወረቀት፣ ስሜም በብር ቀለም። ምስጋናው ዘነበ። አንድ መጽሔት በኮምፒውተር አነጋገረኝ፤ ደወሉን እንዴት እንደቀዳሁት ጠየቀ። «በክሬን ሰቅዬ በግንድ መታሁት» ብዬ አወራሁ፤ አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ውሸቱ እንደ ቅቤ ነው የወረደው። ሊስም ሌላ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሚያዝያ ላይ ጌንት በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝግጅት አለ፣ መጥተው ሦስተኛውን ቁራጭ በአካል ይጫወቱልን፣ ትኬቱን እንቆርጣለን። መልስ ሳልሰጥ ሰነበትኩ። ከላከችልኝ አሥር ሸክላ አንዱን እንኳ ለሺማኩራ አልሰጠሁም። ደረጃው ሥር ከነካርቶኑ ደበቅሁት። ሰው ሁሉ ሲያሞግሰኝ የሚሰማኝ ደስታ ሳይሆን ያው የድሮው ቁጭት ነበር፤ የሚያወሩት ስለ እሱ ነበራ። በእኔ ስም እሱን ሲያመሰግኑ እያደመጥኩ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ልክ በምሳ ሰዓት ሺማኩራ ማሰልጠኛው ግቢ ገባ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ክንዱ ሥር ሸክላው አለ፤ ገዝቶት ነው። ምንም ሳይል የሠልጣኝ መኪናውን በር ከፍቶ መሪው ጋ ተቀመጠ።

«ና ግባ መምህር። አሠልጥነኝ።»

ገባሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ሞተሩን አስነሣና በባዶው የልምምድ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይነዳ ጀመር። ሸክላው በመካከላችን ተጋድሟል።

«ልጄ ናት ያሳየችኝ» አለ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ባለቤቷ እንደዚህ ያለ ሙዚቃ ይወዳል። መጽሔቱንም አነበበችልኝ። በግንድ መታሁት ብለሃል።»

የደህንነት ቀበቶዬን አሰርኩ።

«በግንድ! አንተ፣ የተሰነጠቀ ደወል በግንድ ቢመታ ምን እንደሚል ታውቃለህ? የድስት ክዳን ነው የሚለው! የድስት ክዳን! አምስት ትውልድ ያቀለጠ ቤት ደጃፍ ላይ አድገህ፣ በግንድ!»

እግሬ ሳላስበው ፍሬኑን ረገጠው። መኪናው ቆመ፤ ሁለታችንም ወደ ፊት ተወረወርን።

«ለምን ያዝከው? ከፊቴ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ታዲያ?»

«ቀንቼብህ ነው» አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። በደህናው ጆሮው በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ እንደሚፈልግ ሰው አየኝ። «መቼ?»

«ያኔ። ካሴቱን ባመጣህልኝ ቀን። ከዚያም ወዲህ። አሁንም።»

ሞተሩን አጠፋው።

«መጨረሻው ላይ ያልከውን ሰማሁት» አልኩ። «ቦታ ትቼልሃለሁ ያልከውን።»

«አሁን ነው የሰማኸው?»

«ዘንድሮ። ያኔ ቀድሜ አጠፋሁት።»

ፊቱ እንዴት እንደተለዋወጠ መናገር ይቸግረኛል። «እኔ እኮ ሰምተህ እምቢ ያልከኝ ነው የመሰለኝ» አለ። «ሃያ ስምንት ዓመት። ከእኔ ጋር በአንድ ነገር ላይ መግባት ያሳፍረዋል ብዬ... ድራሜን ስሸጥ ቶሎ ብለህ ገዥ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ትዝ ይልሃል? ያኔ፣ በቃ ተገላገለኝ አልኩ። ኅዳር በመጣ ቁጥር የዝግጅትህ ወረቀት ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፎ ሳይ በሌላ መንገድ ነው የምዞረው። እሱ ይጫወታል፣ እኔ አሸዋ እነፋለሁ እያልኩ።»

«አርባ ሰው ነው የሚመጣው» አልኩት።

«ለእኔ ማን መጣ?»

ይቅርታ አላልኩትም፤ እሱም አልጠበቀውም። ፊቱን በፎጣው ጠረገና ድምፁን አጠነከረ።

«ይሄ ሁሉ ግን ስሜን ለመብላት አይሆንም። ስልክህን አውጣ። ለሴትዮዋ ጻፍ። አሁን፣ እዚሁ።»

አወጣሁ። ጻፍኩ። እሱ እያየኝ ነበር።

«ምን አልክ?»

«ሦስተኛውን ቁራጭ የሠራው ሺማኩራ ዮሺናኦ ነው። እኔ ዋሽቻለሁ። ያን ቀን እቦታው እንኳ አልነበርኩም።»

«ጨምር። በግንድ አይደለም።»

«ይሄ አሁን ምን ይጠቅማል?»

«ጨምር አልኩህ! በብረት መዶሻ ነው፣ ሦስት ኪሎ። ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ። ጻፍ።»

ጻፍኩና ላክሁ። ሸክላውን አንሥቶ ወረደ፤ በሩን ግን አልወረወረውም፣ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ሠልጣኞቹ ምሳቸውን ጨርሰው ተሰልፈው ያዩን ነበር።

ሊስ ከአራት ቀን በኋላ መለሰች። ደብዳቤው አጭር ነው፤ «ክቡር ኢሱሩጊ» የሚለው ቀርቶ «ኢሱሩጊ» ብቻ ሆኗል። ያልተሸጡት ሸክላዎች ውስጥ ማረሚያ ወረቀት ከተተች፤ ሁለተኛው ኅትመት ላይ የሺማኩራ ስም በብር ቀለም ገባ። ኢንተርኔት ላይ የደረሰብኝን ስድብ አልተርክም። የሚገባኝ ነበር፤ አንዳንዱም በጣም ጥሩ ተጽፏል። ኅዳር ላይ ምድር ቤቷ አዳራሽ ስጫወት አሥራ አራት ሰው መጣ። ሺማኩራ አልነበረበትም።

ጌንት የሄደው ሺማኩራ ነው፤ ከሚስቱ ጋር። ለዚያ ሲል ትንሽ ደወል ሠራና ሆን ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ከልሶ ሰነጠቀው፤ ሽማግሌ ሠራተኞቹ ነውር ነው ብለው ሁለት ቀን ሳያናግሩት ቀሩ ይባላል። በሄደ በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው ወጣ። ምሳዬን ሳልከፍት መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አየሁት። ሺማኩራ አንድ ምት ይመታል። ይጠብቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ አብሮት ይጠብቃል። ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ እሱም በግራ በኩል ያለው ጭብጨባ ስለማይሰማው ወደ ቀኝ ብቻ እያጎነበሰ እጅ ነሣ። ዓይኔ ደም ለበሰ። እውነቱን ነው የምናገረው። ንስሐ የገባ ሰው ቅናት ይለቀዋል የሚል ካለ፣ እኔ አልለቀቀኝም።

ሺማኩራ ሲመለስ ቤታችን መጣ። ለሚትሱኤ ቸኮላታ ይዟል። ለእኔ ምንም አላመጣልኝም። ሻይ ጠጥቶ ሲያበቃ ጣራውን እያየ፣ «አሮጌ ድራም ገዝቻለሁ» አለ። «መጋዘኑ ውስጥ ተክዬዋለሁ። እሑድ እሑድ እመታለሁ።»

«ለብቻህ?»

«ለብቻዬ ማን ይችለዋል? ደግሞ አልጠራሁህም። እንዲሁ ነገርኩህ።»

በሚቀጥለው እሑድ ጊታሬን ይዤ ሄድኩ። ይኸው አምስተኛ ወራችን ነው። ስለዚያ ነገር አናወራም፤ ስለ ትከሻ ሕመምና ስለ ነሐስ ዋጋ እናወራለን። የድሮ ዘፈኖቼን እየሞከርናቸው ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሳላቋርጥ ስለተጫወትኩ ፍጥነቱ አልጠፋብኝም። እሱ ግን ክንዱ ከብዷል፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ወደ ኋላ ይቀርና ፎጣውን እየወረወረ ይሳደባል፤ «ቆይ አንተ ሰውዬ! ቀስ በል!» ይለኛል። ቀስ እልለታለሁ። ግን ወዲያው አይደለም።